የጥንት ናይት የጋሻ ዓርማ እውነተኛነት እንዴት ይጣራል?

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ የናይት (በፈረስ የሚዋጋ ባለማዕረግ ተዋጊ) ፊት ውጊያ ላይ በብረት ቁር ይሸፈን ነበር። ወዳጅም ጠላትም የሚለየው በጋሻውና በልብሱ ላይ ባለው ዓርማ ነው። ዛሬ «የእገሌ ናይት ዓርማ» የሚል ሥዕል እንደ ልብ ይገኛል። እውነት የእሱ ነው ወይ? እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚጀምረው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቤተሰብ ስም ነው። በስም እየፈለጉ ዓርማ አትመው የሚሸጡ ሱቆች አሉ። በእንግሊዝ ሕግ ግን ዓርማ የሰው እንጂ የስም ንብረት አይደለም። መጀመሪያ ከያዘው ሰው በወንድ የዘር ሐረግ ይወረሳል። ስለዚህ ሞክሼ መሆን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ማጣራቱ በዚያው ዘመን ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ አንድ ድንቅ ክርክር አለ። እ.ኤ.አ. በ1385 የንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ ጦር ወደ ስኮትላንድ ሲዘምት ሪቻርድ ስክሮፕና ሮበርት ግሮቭነር አንድ ዓይነት ዓርማ ይዘው ተገኙ። ሰማያዊ መደብ ላይ ሰያፍ የወርቅ መቀነት ነው። ጉዳዩ የናይቶችን ክርክር ወደሚዳኘው ፍርድ ቤት ሄደ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስክሮችም ተሰሙ። ጥያቄው ግልጽ ነበር፦ ማን፣ የት፣ መቼ ሲይዘው አያችሁ?

ገጣሚው ጄፍሪ ቾሰር በ1386 ቀርቦ መሰከረ። ስክሮፕን በፈረንሳይ ዘመቻ በዚህ ዓርማ አይቶታል። በኋላ ለንደን ውስጥ ፍራይደይ ስትሪት ሲያልፍ ያው ዓርማ ያለበት አዲስ ምልክት ተሰቅሎ አየ። የስክሮፕን ዓርማ የሰቀለው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። የስክሮፕ ሳይሆን የግሮቭነር ነው አሉት። ስለ ግሮቭነር ሲሰማ ያኔ የመጀመሪያው ነበር። ይህች ትንሽ ምስክርነት ከብዙ ያማረ ሥዕል ትበልጣለች፤ ቦታና የዓይን ምስክር አላትና።

በ1389 ስክሮፕ ተፈረደለት። ግሮቭነር ዙሪያውን ብርማ ጠርዝ ጨምሮ እንዲይዝ ቢፈቀድለትም ንጉሡ በ1390 ያንንም ከለከለ። ቤተሰቡ ከዚያ በኋላ በሰማያዊ መደብ ላይ የወርቅ ነዶ ያዘ።

ዛሬ ምስክር የሚሆኑት ሰነዶች ናቸው። ከሁሉ የሚታመነው ናይቱ በሕይወት ሳለ ደብዳቤው ላይ ያተመው ማኅተም ነው፤ ችግሩ ቀለም አያሳይም። ቀለሙን የሚነግሩን የዓርማ መዝገቦች ናቸው። በ1298 ስኮትላንድ ውስጥ ፋልከርክ የዘመቱትን ከ100 በላይ መኳንንት ዓርማ የሚዘረዝር መዝገብ አለ። ብዙዎቹ መዝገቦች ግን የደረሱን በኋላ ዘመን ቅጂ ስለሆነ ማመሳከር ግድ ነው። የመቃብር ሐውልትም ቢሆን ቀለሙ ታድሶ ሊሆን ይችላል። ቀለምን በመስመርና በነጥብ የሚያመለክት ሥዕል ካያችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ያ ዘዴ የተስፋፋው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ዘመኑንም ማየት ያሻል። የበኩር ልጅ አባቱ በሕይወት ሳለ በዓርማው ላይ ተጨማሪ ምልክት ያደርግ ነበር። አባት ሲሞት ምልክቱ ይወርዳል። ስለዚህ የአንድ ሰው ዓርማ በወጣትነቱና በጎልማሳነቱ ሊለያይ ይችላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

በእንግሊዝ ዋናው መዝገብ ያለው በ1484 በተመሠረተው የዓርማ መዝጋቢ ተቋም፣ ኮሌጅ ኦፍ አርምስ ነው። ባለሙያዎቹ ከ1530 እስከ 1688 ድረስ በየአውራጃው እየዞሩ ዓርማ የያዘውን ሁሉ ማስረጃ ይጠይቁ ነበር። መብት የሌለው ሰው ዓርማው የእሱ እንዳልሆነ በአደባባይ እንዲናገር ይደረግ ነበር።