የክልል ካቢኔ፦ አወቃቀሩና ሹም ሽሩ

በኢትዮጵያ የክልል ሹም ሽር ዜና አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰን በስም ዝርዝር መልክ ነው። እገሌ ግብርና ቢሮ፣ እገሊት ጤና ቢሮ፣ እገሌ ደግሞ «ወደ ሌላ ኃላፊነት»። ብዙ ሰው ስሞቹን አንብቦ ያልፋል። የካቢኔውን አሠራር ለሚያውቅ ሰው ግን ዝርዝሩ ብዙ ይናገራል።

መነሻው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ነው። የክልሉ ምክር ቤት በክልሉ ከፍተኛው የሥልጣን አካል ነው ይላል። መስተዳድሩ ደግሞ ከፍተኛው አስፈጻሚ ነው። ቀሪውን እያንዳንዱ ክልል በራሱ ሕገ መንግሥት ይደነግጋል። በምክር ቤቱ አብላጫ ወንበር ያገኘ ፓርቲ መንግሥት ይመሠርታል። ርዕሰ መስተዳድሩ የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነው። የቢሮ ኃላፊዎች ግን የግድ የምክር ቤት አባል መሆን የለባቸውም። ርዕሰ መስተዳድሩ ከዩኒቨርሲቲም፣ ከዞን አስተዳደርም፣ ከፌዴራል መሥሪያ ቤትም ሰው አምጥቶ ማቅረብ ይችላል።

ይህ ልዩነት በተግባር የታየበት ጊዜ አለ። በ2011 ሽመልስ አብዲሳ ኦሮሚያን እንዲመሩ ሲሾሙ የጨፌው፣ ማለትም የክልሉ ምክር ቤት፣ አባል አልነበሩም። ስለዚህ ማዕረጋቸው ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር። ክልሉን የሚመሩት ግን እሳቸው ነበሩ። ሙሉ ፕሬዚዳንት የሆኑት በ2013ቱ ምርጫ ተመርጠው ጨፌ ከገቡ በኋላ ነው።

ካቢኔው ውስጥ ማን ማን ይገኛል? ርዕሰ መስተዳድሩ፣ ምክትሉ ወይም ምክትሎቹ፣ ከዚያም የቢሮ ኃላፊዎች። ፋይናንስ፣ ግብርና፣ ትምህርት፣ ጤና፣ ገቢዎች፣ ሰላምና ጸጥታ፣ ፍትሕ፣ መሬት፣ ውሃ፣ ኮሙኒኬሽን፣ ወዘተ። የቢሮዎቹ ብዛትና ስም በየጊዜው ይቀያየራል። የፌዴራል መንግሥት በ2014 በአዋጅ ቁጥር 1263 መሥሪያ ቤቶቹን እንደ አዲስ ሲያደራጅ፣ ክልሎችም ተከትለው ቢሮዎቻቸውን አጥፈዋል፣ ከፍለዋል፣ ስም ቀይረዋል። የሥራና ክህሎት ቢሮ በየክልሉ የተስፋፋው በዚያ ሰሞን ነው።

ከቢሮዎቹ በላይ የሚቀመጡ የክላስተር አስተባባሪዎችም አሉ። «በምክትል ርዕሰ መስተዳድር ማዕረግ የከተማ ዘርፍ አስተባባሪ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ብዙ ቢሮዎችን በአንድ ላይ ይከታተላሉ። ቢሮ ኃላፊው ተቀያይሮ አስተባባሪው ከቆየ፣ የዘርፉ አቅጣጫ ብዙም አልተነካም ማለት ነው። እኔ ዝርዝር ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው እነሱን ነው። ቀጥዬ ፋይናንስና ጸጥታን አያለሁ፤ አንዱ ገንዘቡን፣ ሌላው ኃይሉን የያዘ ነውና።

አሁን ወደ ጉባኤው አዳራሽ እንግባ። አፈ ጉባኤው ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን ያረጋግጣሉ። ርዕሰ መስተዳድሩ የዕጩዎቹን ስም፣ የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ እያነበቡ ያቀርባሉ። ጥያቄ ወይም አስተያየት ያለው አባል ይናገራል። ከዚያ እጅ ይወጣል። «በሙሉ ድምፅ» ወይም «በአብላጫ ድምፅ» ጸድቋል ይባላል። ተሿሚዎቹ ተሰልፈው ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ። ነገሩ አንዳንዴ በአንድ ጠዋት ያልቃል።

ለምን እንዲህ ፈጠነ? ዋናው ክርክር ከአዳራሹ ውጪ፣ በፓርቲው ውስጥ ያለቀ ስለሆነ ነው። በኢሕአዴግ ዘመን ግምገማ የሚባለው መድረክ ማን እንደሚነሳ ይወስን ነበር። ብልጽግና ፓርቲ በ2012 ከተመሠረተ በኋላም ሹመቱ በፓርቲው መስመር ይወርዳል። ምክር ቤቱ አብዛኛው ወንበር በአንድ ፓርቲ የተያዘ በመሆኑ፣ የቀረበ ዕጩ ሲወድቅ ማየት ብርቅ ነው። በእኔ እምነት ይህ የክልል ካቢኔዎች ትልቁ ድክመት ነው። ሕዝብ የመረጠው አካል ዕጩውን በደንብ ሳይጠይቀው ያሳልፈዋል።

ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ አንድ አዲስ ነገር መጣ። ፌዴራል ላይ ብርሃኑ ነጋ፣ በለጠ ሞላና ቀጄላ መርዳሳ ከተፎካካሪ ፓርቲዎች መጥተው ሚኒስትር ሆኑ። በአማራ ክልልም የአብኑ (የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄው) ጣሂር ሙሐመድ የባህልና ቱሪዝም ቢሮን ያዙ። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ቢሆንም ካቢኔ የአንድ ፓርቲ ብቻ መሆን እንደሌለበት በተግባር አሳይቷል።

የብሔር ተዋጽኦም ሌላው ስሌት ነው። በጋምቤላ ፕሬዚዳንቱ ከአኙዋ ከሆነ ምክትሉ ከኑዌር መሆኑ የተለመደ ነው፤ ሲገለበጥም እንዲሁ። በሐረሪ ምክር ቤቱ ራሱ ሁለት ጉባኤ ነው። ከ36ቱ ወንበሮች 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው። የቀድሞው ደቡብ ክልል ካቢኔ ደግሞ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሃምሳ በላይ ብሔረሰቦችን ማመጣጠን ነበረበት። ያ ክልል ዛሬ የለም። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ወጡ። በ2015 የቀረው ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ካቢኔ አራት ሆነ። በደቡብ ምዕራብ መቀመጫዎቹ ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ ናቸው። ቢሮዎች በተለያዩ ከተሞች ስለተበተኑ፣ ካቢኔውን ለመሰብሰብ ኃላፊዎች መንገድ መውጣት አለባቸው።

የለውጡን ፍጥነት ለማየት ከአማራ ክልል የተሻለ ምሳሌ የለም። ገዱ አንዳርጋቸው በ2011 የርዕሰ መስተዳድርነቱን ቦታ ለቀው ወዲያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በምትካቸው አምባቸው መኮንን ተሾሙ። ሥልጣን በያዙ በወራት ውስጥ፣ ሰኔ 15 ቀን 2011 ባሕር ዳር ውስጥ ተገደሉ። አማካሪያቸው እዘዝ ዋሴና የክልሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ምግባሩ ከበደም በዚያው ጥቃት ሕይወታቸውን አጡ። ያ ቀን ለክልሉ ከሹም ሽር በላይ ነበር፤ ዛሬም ያማል። ከዚያ ተመስገን ጥሩነህ፣ በ2013 አገኘሁ ተሻገር፣ በ2014 ይልቃል ከፋለ፣ በ2015 መጨረሻ አረጋ ከበደ መጡ። በአምስት ዓመት ውስጥ ስድስት መሪ ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ተመስገን ወደ ብሔራዊ መረጃና ደኅንነት፣ አገኘሁ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤነት ነው የሄዱት። አዲስ አበባ ሰው ስትፈልግ ከክልል ትወስዳለች፤ ክልሉ ደግሞ እንደገና ካቢኔ ያዋቅራል።

ርዕሰ መስተዳድር ሲቀየር ቢሮዎቹም ይናጣሉ። አዲሱ መሪ አብረውት የሚሠሩትን ይመርጣል። አዲሱ የቢሮ ኃላፊ ርክክብ ያደርጋል፣ የባንክ ፊርማ ያስቀይራል፣ ዕቅዱን ይከልሳል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሹም ሽሩ መሐል ላይ ከመጣ ግዥና የመንገድ ሥራ ይጓተታል። ኃላፊ እስኪሾም ምክትሉ በተወካይነት ይቆያል፤ ተወካይ ደግሞ ከባድ ውሳኔ ላይ መፈረም ይፈራል። ጉዳዩን ይዞ የመጣ ባለጉዳይ «ኃላፊው ገና ናቸው፣ ሌላ ቀን ተመለስ» ይባላል። ማዕበሉ ወደ ዞንና ወረዳም ይወርዳል። ክልል ላይ ሰው ሲወጣ፣ ዞን ላይ ክፍት ቦታ ይፈጠራል፤ እሱን ለመሙላት ከወረዳ ይነሳል።

ከዚህ ሁሉ የተለየው ጊዜያዊ አስተዳደር ነው። የፌዴራል መንግሥት በክልል ጣልቃ የሚገባበት ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 359/1995 ተደንግጓል። በትግራይ በ2013 ሙሉ ነጋ፣ ቀጥሎ ኣብርሃም በላይ ጊዜያዊ አስተዳደሩን መርተዋል። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ከተፈረመ በኋላ ጌታቸው ረዳ መጋቢት 2015 ተሾሙ። በ2017 ታደሰ ወረደ ተኳቸው። እዚህ መሪውን የሚሾመው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ስምምነቱ አስተዳደሩ አካታች እንዲሆን ስለሚጠይቅ፣ ካቢኔው ውስጥ ለማን ስንት ወንበር ይድረስ የሚለው ክርክር ገና ከመጀመሪያው ጀምሮ ከባድ ነበር።