የኪቶ ቅዱሳን፦ ከእንጨት የተጠረቡ፣ በቀለም የተዋቡ

በኢኳዶር ዋና ከተማ በኪቶ፣ ከስፔን ቅኝ ግዛት ዘመን የቀሩት የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ከእንጨት ተጠርበው ቀለም በተቀቡ የቅዱሳን ምስሎች የተሞሉ ናቸው። የሥራው መነሻ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ገዳም ነው። ስፔናውያን ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1534 ከቆረቆሩ ብዙም ሳይቆይ ፍራንቸስካውያን መነኮሳት ገዳሙን ማነጽ ጀመሩ፤ በ1550ዎቹም የቅዱስ እንድርያስን ትምህርት ቤት ከፍተው ለነባሩ ሕዝብ ልጆች ከንባብና ከዜማ ጋር ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ አስተማሩ። ከዚያ የበቀለው ጥበብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጫፍ ደረሰ፤ የኪቶ ምስሎችም ዛሬ ኮሎምቢያ ውስጥ እስካለችው ፖፓያን ድረስ ይላኩ ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚወደሰው ጠራቢው ነው። የምስሉ ግማሽ ሕይወት ግን ያለው ከጠረባው በኋላ በሚመጣው ሥራ ላይ ነው። ጭንቅላቱ ከፊት በኩል ይሰነጠቅና የመስታወት ዓይኖች ከውስጥ ይገጠማሉ፤ ፊቱም ተመልሶ ይጣበቃል። እንጨቱ በሙጫ የተለወሰ ጄሶ ደጋግሞ ይቀባና ይለሰልሳል። ፊትና እጅ የዘይት ቀለም ከተቀቡ በኋላ በረጠበ የበግ ፊኛ ይታሻሉ፤ ብሩሹ ያለፈበት መስመር ጠፍቶ ላብ ያቸፈቸፈው የሚመስል ለስላሳ ቆዳ ይወጣል። ለልብሱ ደግሞ በቀይ አፈር ላይ እጅግ የሳሳ ወርቅ ይለጠፋል፤ ወርቁ በቀለም ይሸፈንና ቀለሙ በሹል እንጨት እየተጫረ የጥልፍ መልክ ይይዛል። የኪቶ ባለሙያዎች ብር ለጥፈው በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም መቀባትም ያውቁ ነበር። እነዚህን ሥራዎች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ነባር ሕዝቦችና ክልሶች ሲሆኑ ስማቸው አልተመዘገበም። ስለዚህ አንድን ምስል ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት፣ በእኔ እምነት፣ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስማቸው ከተረፈላቸው ሁለቱ ይጠቀሳሉ። በርናርዶ ዴ ሌጋርዳ በ1734 የሠራት ክንፍ ያላት ድንግል ማርያም በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተ ክርስቲያን ዋና መንበር ላይ ትታያለች። መነሻዋ የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 12 ነው፤ ጨረቃው ከእግሯ በታች ነው፣ ዘንዶውን ረግጣለች። የዚህች ምስል ትልቁ ነገር እንቅስቃሴዋ ነው፤ ወገቧ ዘንበል፣ ልብሷ በነፋስ እንደተመታ ሸብረብ ያለ። ሁለተኛው ካስፒካራ በሚል ስም የሚታወቀው የነባሩ ሕዝብ ተወላጅ ማኑኤል ቺሊ ነው። በከተማዋ ካቴድራል ያለው፣ የክርስቶስን በድን ከበው የሚያለቅሱትን የሚያሳየው ሥራ የእርሱ እንደሆነ ይነገራል።

ሁሉም ምስል ሙሉ በሙሉ አይጠረብም። ልብስ የሚለብሱት ፊታቸው፣ እጃቸውና እግራቸው ብቻ ተሠርቶ ቀሪው የእንጨት ማዋቀሪያ ነው፤ ካባቸውን ምእመናን በስለት ያመጣሉ። በስቅለት ዓርብ ከቅዱስ ፍራንቸስኮስ መስቀል የተሸከመው የኢየሱስ ምስል ወጥቶ ሐምራዊ ልብስ በለበሱ፣ ፊታቸውን በሸፈኑ ንስሐ ገቢዎች ታጅቦ ከተማዋን ይዞራል።

የሌጋርዳ ድንግል በ1970ዎቹ በፓኔሲዮ ኮረብታ ላይ በአልሙኒየም ገዝፋ ቆማለች። የኪቶ አሮጌ ከተማ በ1978 ከላሊበላና ከሰሜን ተራሮች ጋር በዩኔስኮ የመጀመሪያ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ምስሎቹን ዛሬ የሚያሠጋቸው ነቀዝ፣ ርጥበትና የመሬት መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም፤ በቀናነት የተደረበ አዲስ ቀለምም በፊኛ የታሸውን የቀድሞ ቆዳ ይሸፍናል፤ ጠጋኞችም ሥሩን ላለመንካት እየተጠነቀቁ በጥቂት በጥቂቱ ይፍቁታል።