የሠራተኛ መለያ ቁጥር፦ ብዙዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

«ቁጥሩ ስለ ሠራተኛው ብዙ መናገር አለበት»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። ሒሳ-03-12-147 የሚል ቁጥር ሲያዩት ያምራል፤ ሒሳብ ክፍል፣ 3ኛ ቅርንጫፍ፣ በ2012 የተቀጠረች። ልጅቷ ወደ ሽያጭ ክፍል ስትዛወርስ? ቁጥሯን ከቀየርነው የድሮው የደመወዝና የፈቃድ መዝገቧ ከአዲሱ ጋር አይገናኝም። ካልቀየርነው ቁጥሩ ውሸት ይናገራል። ክፍልም ቅርንጫፍም የየራሳቸው ዓምድ አላቸው፤ እዚያ ይመዝገቡ። ቁጥሩ ሰውን ከሰው ይለይ፣ በቃ።

«የለቀቀ ሰው ቁጥር ለአዲስ ሰው ይሰጣል»

በፍጹም። የለቀቀው ሰው ከዓመታት በኋላ የሥራ ልምድ ሊጠይቅ ይመጣል። ያኔ በአንድ ቁጥር የሁለት ሰው ታሪክ ተደባልቆ ይገኛል። ራሱ ሰውዬው ተመልሶ ከተቀጠረ ግን የድሮ ቁጥሩን ይዞ ይቀጥል።

«200 ሰው ነው ያለን፣ ሦስት አሃዝ ይበቃናል»

ቁጥር የሚያልቀው ዛሬ ባለው ሰው ልክ አይደለም፤ እስከ ዛሬ በተቀጠረው ሁሉ ነው። 200 ሠራተኛ ይዞ በየዓመቱ 60 አዲስ የሚተካ ድርጅት በ14ኛው ዓመት ከ999 ያልፋል። ከ10001 ቢጀምሩ ወደ 90 ሺህ የሚጠጋ ቁጥር አለዎት። ሌላም ጥቅም አለው፦ 00147 ብለው ቢጽፉ ኤክሴል የፊቶቹን ዜሮዎች ይበላና 147 ያደርገዋል። በ1 የሚጀምር ቁጥር ይህ አይነካውም።

«ተጠንቅቆ ለሚጽፍ ሰው ስህተት አይፈጠርም»

10463ን 10643 ብሎ መጻፍ ለማንም ይደርሳል። መፍትሔው የማረጋገጫ አሃዝ ነው፤ ከሌሎቹ አሃዞች ተሰልቶ መጨረሻ ላይ የሚጨመር፣ የባንክ ካርዶች መጨረሻ ላይ ያለው ዓይነት። ይህን አሃዝ ለማውጣት የሚያገለግለው ሉን (Luhn) የሚባለው ስሌት ለ10463 የሚሰጠው 8 ነው፤ ሙሉ ቁጥሩ 104638 ይሆናል። አንድ ሰው 106438 ብሎ ካስገባ ስሌቱ 5 ስለሚጠብቅ ሲስተሙ እዚያው ይመልሰዋል። ሉን የ09 እና የ90ን መገለባበጥ አይይዝም፤ ያም ሆኖ የአንድ አሃዝ ስህተትን ሁሉ ይይዛል። ደመወዝ ወደ ሌላ ሰው እንዳይሄድ ይህቺ አንዲት አሃዝ ትልቅ ዋጋ አላት።

ፊደል መቀላቀል ካስፈለገ፣ ከዜሮና ከአንድ ጋር የሚምታቱትን የላቲን ኦ እና አይ ይተዉ።

«ቁጥሩ ምስጢር ስለሆነ የይለፍ ቃል ይሆናል»

ባጅ ላይ የታተመ፣ የፈቃድ ፎርም ላይ የሚጻፍ ነገር ምን ምስጢር አለው? በእሱ ብቻ የደመወዝ መረጃ እንዲከፈት አያድርጉ። የልደት ቀንን ወይም የመንግሥት መታወቂያ ቁጥርን የሠራተኛ መለያ ማድረግም የሰውን የግል መረጃ በየጠረጴዛው መበተን ነው።