ብራምስ ከቤቶቨን ሰረቀ ወይስ ፈራው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የዮሃንስ ብራምስ የመጀመሪያ ሲምፎኒ (ሲምፎኒ ለኦርኬስትራ የሚጻፍ፣ በክፍል የተከፋፈለ ረጅም ሙዚቃ ነው) ጀርመን ውስጥ ካርልስሩኸ ከተማ ለሕዝብ የቀረበው በኖቬምበር 1876 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብራምስ 43 ዓመቱ ነበር። ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ቤቶቨን ከሞተ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ነበር። እስከ ዛሬ ግን ስለዚህ ሲምፎኒ ወሬ ከተነሳ የቤቶቨን ስም አይቀርም፤ ብዙ የተዛባ ነገርም አብሮ ይነሳል።

«ቤቶቨንን ፈርቶ 20 ዓመት እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ»

ፍርሃቱ ነበረ። የዚያ ግዙፍ ሰው ኮቴ ከኋላው እየተሰማው መጻፍ እንደከበደው ለወዳጁ ነግሮታል ይባላል። እጁን ግን አላጣጠፈም። 1853 ላይ የሙዚቃ ደራሲው ሮበርት ሹማን ገና 20 ዓመቱ የነበረውን ብራምስን በጋዜጣ አወድሶ ጻፈለት፤ ሰዉም ትልቅ ነገር ይጠብቅ ጀመር። በዓመቱ ሲምፎኒ ሞከረ፣ አልሆነም። የጻፈውን አልጣለውም፤ ለመጀመሪያው የፒያኖ ኮንሰርቶው (ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ሙዚቃ) አዋለው። እሱም 1859 ላይ ላይፕሲግ ውስጥ ሲቀርብ ታዳሚው አፏጨበት። ያኔ ተስፋ ቢቆርጥ ማን ይፈርድበታል? እሱ ግን 1862 ላይ የሲምፎኒውን የመጀመሪያ ክፍል ረቂቅ ለፒያኖ ተጫዋቿ ለሹማን ባለቤት ለክላራ ሹማን ላከላት። 1873 ላይ ደግሞ በሙዚቃ ደራሲው በሃይድን ስም የሚታወቁትን ቫሪዬሽኖች (አንድን ዜማ እየለዋወጡ የሚደጋግሙ ሙዚቃዎች) ለኦርኬስትራ ጻፈ። እንደኔ እነዚያ ዓመታት እጅ ማፍታቻ ነበሩ። ሁለተኛው ሲምፎኒማ የመጀመሪያው በቀረበ በዓመቱ ደረሰ።

«እውነተኛ ሊቅ የማንንም ፈለግ አይከተልም»

ቤቶቨን ራሱስ? ከሞዛርት የኤ ሜጀር ኳርቴት (ለአራት ባለ አውታር መሣሪያ የተጻፈ ሙዚቃ) ላይ በእጁ ገልብጦ ተምሯል። ከዚያ በዚያው የሙዚቃ ቁልፍ፣ በኤ ሜጀር፣ የራሱን ኳርቴት ጻፈ፤ 1801 ላይ ታተመ። እንደ ሞዛርቱ ሁለተኛው ክፍል ሚኑየት የሚባል የዳንስ ሙዚቃ፣ ሦስተኛው ቫሪዬሽን ነው። ማንም ግን ሌባ አላለውም።

«ከቤቶቨን በኋላ የነበረው መንገድ አንድ ነው»

አይደለም። የኦፔራ ደራሲው ዋግነር የቤቶቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ የሲምፎኒን ምዕራፍ ዘግቷል ብሎ ወደ ኦፔራ አተኮረ። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤርሊዮዝ ደግሞ ቤቶቨን በሞተ በሦስተኛው ዓመት ታሪክ የሚተርክ፣ አምስት ክፍል ያለው ሲምፎኒ ይዞ መጣ።

«የብራምስ የመጀመሪያ ሲምፎኒ የመጨረሻ ክፍል ዜማ ከቤቶቨን ዘጠነኛ የተሰረቀ ነው»

መመሳሰሉ አይካድም። ይህን ሲነግሩት ብራምስ «እሱንማ አህያም ያየዋል» ብሎ መለሰ ይባላል። እኔ የምለው፣ ዜማው ከመጣ በኋላ የሚሆነውን እንስማ። ቤቶቨን ዜማውን መጀመሪያ ወፍራም ድምፅ ላላቸው ባለ አውታር መሣሪያዎች ለቼሎና ለባስ ይሰጣል፣ ደጋግሞ ያሳድገዋል፣ በመጨረሻም ሰው እንዲዘምረው ያደርጋል። ብራምስ ዘማሪ አላስገባም። ከዜማው በፊት ሆርን የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ ብቻውን እንደ ተራራ ላይ እረኛ ይጣራል፤ ይህን ጥሪ 1868 ላይ ለክላራ የልደት መልካም ምኞት አድርጎ ልኮላት ነበር። ቀጥሎ ሦስት ክፍል ሙሉ ዝም ያሉት ትሮምቦኖች (እነሱም የትንፋሽ መሣሪያዎች ናቸው) እንደ መዝሙር ያለ ነገር በቀስታ ይጫወታሉ። ያ ታዋቂ ዜማ የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጨረሻው ላይ በድል ተመልሶ ይመጣል ብላችሁ ብትጠብቁ ግን አይመጣም። ኦርኬስትራው በሙሉ ኃይሉ የሚያስተጋባው የትሮምቦኖቹን መዝሙር ነው።