«የሚያሞቅ መድኃኒት» የሚባለው ምንድን ነው?

ሙቀቱ በበረታ ቁጥር «የሚያሞቁ መድኃኒቶች» የሚል ዝርዝር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እሱን አይቶ «እንግዲያው እስኪበርድ የግፊት ክኒናችሁን ተዉት» ብሎ የሚመክርም አይጠፋም። ይህ ምክር ሰው ሊገድል ይችላል፤ መነሻውም ስያሜው ነው። በዝርዝሩ ካሉት አብዛኞቹ ሰውነትን አያሞቁም። ሰውነት ሙቀቱን የሚያስወጣበትን መንገድ ነው የሚያጠቡት።

እሳት ላይ የተጣደ ድስት አስቡ። እሳቱ፣ ማለትም ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ሙቀት፣ ምንጊዜም ይነዳል፤ የማይገነፍለው እንፋሎቱ፣ ማለትም ላቡ፣ መውጫ ስላለው ነው። 1 ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አየሩ ከቆዳ ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ ገደማ፣ ካለፈ ደግሞ ከዚህ ሌላ መውጫ የለም ማለት ይቻላል።

የድብርት መድኃኒቱ አሚትሪፕቲሊን፣ ለፓርኪንሰን ሕመም የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲልና እንቅልፍ የሚያመጣው የአለርጂ መድኃኒት ዳይፈንሃይድራሚን ክዳን ይገጥማሉ፤ የነርቭ መልእክተኛው ኬሚካል አሴቲልኮሊን ለላብ ዕጢ የሚያደርሰውን ትእዛዝ ያግዳሉ። «ላቤ ቀነሰ፣ ሙቀቱን ለመድኩት» የሚል ሰው ከነዚህ አንዱን የሚወስድ ከሆነ ተሳስቷል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ቶፒራሜትም ላብ ይቀንሳል፣ በተለይ በልጆች ላይ፤ ሲሮጥ ውሎ ፊቱ ቀልቶ ቆዳው ደረቅ የሆነ ልጅ ወዲያው ጥላ ውስጥ ይግባ። የሚያሸኑት ፉሮሴማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የድስቱን ውኃ ያጎድላሉ። የልብና የግፊት መድኃኒቶቹ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ማማሰያውን ያዘገያሉ፤ ልብ ትኩሱን ደም ወደ ቆዳ የሚገፋበትን ዐቅም ይገድባሉ። የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶቹ ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል ድስቱን የሚጠብቀውን፣ በአንጎል ውስጥ ያለውን የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ያዘናጋሉ። እሳቱን ራሱን የሚያራግቡት እንደ አነቃቂው አምፌታሚን ያሉ ጥቂቶች ናቸው።

የስሜት መዋዠቅ ሕመም (ባይፖላር) መድኃኒት የሆነው ሊቲየም ለብቻው ይነገር። ሊቲየም ጨው ነው፤ የድስቱ ውኃ ሲጎድል ጨው ይበረታል። ምሳሌው ግን እዚህ ላይ ያጥራል፤ ውኃና ሶዲየም ያጣ ኩላሊት ሶዲየሙን መልሶ ሲሰበስብ ሊቲየሙንም አብሮ ያስቀረዋል። ትናንት በልኩ የነበረው ክኒን መጠኑ ሳይጨምር መርዝ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የእጅ መንቀጥቀጥ ጎላ ካለ፣ ትውከትና ተቅማጥ ከመጣ፣ መንገዳገድ ወይም የአንደበት መተሳሰር ከታየ፣ የሚቀጥለውን ክኒን ሳይወስዱ ወዲያው ሐኪም ቤት ሄዶ በደም ውስጥ ያለውን የሊቲየም መጠን ማስለካት ያስፈልጋል። ለራስ ምታት ብሎ የሕመም ማስታገሻውን አይቡፕሮፌን መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል።

ወደ «ተዉት» ባዩ ልመለስ። ፕሮፕራኖሎልን በድንገት ያቆመ የልብ ሕመምተኛ የደረት ውጋት ሊነሣበት፣ አልፎም የልቡ ጡንቻ በደም እጦት ሊሞት ይችላል። ልቡ የደከመ ሰው ፉሮሴማይዱን ከተወ ሳንባው ውኃ ሊቋጥር ይችላል። መፍትሔው ሙቀቱ ከመምጣቱ በፊት መጠኑን ከሐኪም ጋር ማየት ነው። የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው በየጠዋቱ ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ ይመዘን፤ በ1 ቀን የጎደለ 1 ኪሎ ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ነው። ሐኪሙ መጠኑን ለመወሰን የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ቁጥር ነው። «ብዙ ውኃ ጠጡ» የሚለውም ለሁሉ አይሆንም፤ የሚጠጣው ፈሳሽ በሐኪም የተገደበበት ሰው ገደቡን በራሱ ማለፍ የለበትም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በሙቀት ለተመታ ሰው፣ ማለትም የውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ደርሶ ንግግሩ ለተምታታ፣ ፓራሲታሞል መስጠት ጥቅም የለውም። በሕመም ትኩሳት ጊዜ አንጎል ራሱ የሰውነትን የሙቀት ልክ ከፍ ያደርጋል፤ ክኒኑ የሚያወርደው ያንን ልክ ነው። እዚህ ግን ልኩ አልተነካም፤ የተዘጋው መውጫው ነው። አምቡላንስ ጠርቶ፣ እስኪመጣ ልብሱን ማውለቅ፣ ገላውን በቀዝቃዛ ውኃ ማራስና ሳያቋርጡ ማራገብ፤ ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አለመስጠት። ላብ ማየት ደግሞ አያዘናጋችሁ፤ ሰው እያላበውም በሙቀት ሊመታ ይችላል።