«ሥልጠና ነው የጎደላቸው» አትበሉ

ሸማኔ ሴቶችን እንርዳ የሚል ስብሰባ በተጠራ ቁጥር «ሥልጠና ይሰጣቸው!» የሚል አይጠፋም። ሥራዬ ከእንጦጦ ግርጌ ለሚሸምኑ ሴቶች ሒሳብ መያዝ ነው። ይህን አባባል መስማት በእውነት ሰልችቶኛል።

ስለ ሸማኔ ሴቶችና ስለ ሽመና ከሚባሉት ሌሎች የተሳሳቱ አባባሎች ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ሽመና የወንድ ሥራ ነው።» ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል የሚለው ልማድ የቆየ ነው። ከጋሞ ደጋ መጥተው ሽሮ ሜዳ የሰፈሩት ሸማኔዎችም ይዘውት የመጡት ይህንኑ ነው። ዛሬ ግን ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ስካርፍ ይሸምናሉ። ሄዳችሁ እዩ።

«ፈታይዋ አጋዥ ናት።» ማጉ፣ ማለትም በድሩ መሃል በአግድም የሚያልፈው ክር፣ ከእሷ እንዝርት ካልወጣ ሸማኔው ምን ሊወረውር ነው?

«ፕሪንቱ (ጥለቱ በቀለም የታተመበት ጨርቅ) ከጥበብ (በእጅ ከተሸመነው ጥለት) አይለይም።» ይለያል። ገልብጡት። የፕሪንቱ ቀለም ከጀርባ ይደበዝዛል፤ የጥበቡን ክር ግን በእጃችሁ ትዳስሱታላችሁ።

ወደ ሥልጠናው እንምጣ። አንዲት የማውቃት እናት ከሸማ ዕቃዋ፣ ከመሸመኛዋ፣ በላይ ሦስት ሰርተፍኬት ሰቅላለች። እግሯ ከመሸመኛው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ፣ ዓይኗ ጥለቱ ላይ ነው። ክር ሲበጠስ ጣቷ ቀድሞ ያገኘዋል። ድሩ፣ በቁመት የሚወጠረው ክር፣ ግን የእሷ አይደለም። ክሩን የሚያመጣላት ነጋዴ ነው፤ ነጠላውን የሚወስደውም እሱ፣ ዋጋ የሚቆርጠውም እሱ። አራተኛ ሰርተፍኬት ምን ያደርግላታል?

የጎደላት የክር መግዣ ነው፤ እሱም በወቅቱ። የሸማ ገበያ ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ይሞቃል። በሁዳዴ ሠርግ ስለሌለ ይቀዘቅዛል። ተበድራ የራሷን ክር ብትገዛ ግን ብድሩ በየወሩ ክፈይ ይላል። ስለዚህ ገበያ በሌለበት ወር ነጠላዋን በተገኘው ዋጋ ትሸጣለች። በዓሉ ሲደርስ የምትሸጠው የላትም። ያኔ ነው እንግዲህ «ሴቶቹ ገበያ አያውቁም» የሚባለው! ገበያውንማ ከማንም በላይ ያውቁታል። እስኪሞቅ የሚያቆያቸው ገንዘብ ነው ያጡት።

አበዳሪዎች፣ መክፈያውን ከበዓላቱ በኋላ አድርጉት። ማገዝ የምትፈልጉ፣ ክር በጅምላ ገዝቶ የሚያከፋፍል የራሳቸው ማኅበር እንዲያቋቁሙ አግዙ። ገዢዎች ደግሞ ስታዙ ቢያንስ የክሩን ቀብድ ክፈሉ። ዋጋ ስትከራከሩም ድሩን ለማድራት፣ ማጉን ቀሰም (መወርወሪያው ውስጥ የሚገባው የክር መጠቅለያ) ላይ ለማጠንጠን የሚሄደውን ጊዜ አስቡ፤ ይህም ገና አንድ ጣት ሳይሸመን ነው።