የደም ስኳር ምርመራ፦ ውጤቱን የሚያዛቡ የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ማሽኑ ኮንትሮሉን ካለፈ ውጤቱ ትክክል ነው።»
ኮንትሮል (ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ መፈተሻ ናሙና) የሚፈትሸው ማሽኑንና ሪኤጀንቱን (የመመርመሪያ ኬሚካሉን) እንጂ ናሙናው እንዴት እንደቆየ አይደለም። የተቀዳው ደም ውስጥ ያሉት ሴሎች ስኳሩን መጠቀማቸውን አያቆሙም። ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ከሴሎቹ ሳይለይ በክፍል ሙቀት የተቀመጠ ናሙና በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ስኳር ያጣል፤ ሙቀት ሲጨምር ወይም ነጭ የደም ሴል በጣም ሲበዛ ይብሳል። በባዶ ሆድ 130 ሚ.ግ/ዴ.ሊ የነበረው ሰው ናሙናው ሁለት ሰዓት ቢቆይ 115 አካባቢ ሊወጣለት ይችላል። የስኳር በሽታ የሚባለው ከ126 ጀምሮ ስለሆነ ታማሚው «ስኳር የለብህም» ተብሎ ይሸኛል። በዚያ ቀን ኮንትሮሉ ላይ ምንም እንከን አይታይም።

«ግራጫ ክዳን ያለው ቲዩብ ስኳሩ እንዳይቀንስ ወዲያው ይጠብቃል።»
ብዙ ባለሙያ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ቲዩቡ ውስጥ ያለው ሶዲየም ፍሎራይድ በዋናነት የሚያግደው ኢኖሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ነው፤ ይህ ኢንዛይም ደግሞ ስኳር ከሚፈርስበት ሂደት መጨረሻ አካባቢ ይገኛል። ከእሱ የሚቀድሙት ኢንዛይሞች ለጊዜው ሥራቸውን ስለሚቀጥሉ በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሰዓት ስኳሩ ይቀንሳል፤ የሚረጋው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ቲዩቡን ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ አድርጎ መገለባበጥ፣ በረዶና ውሃ በተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ፣ በ30 ደቂቃ ውስጥም በሴንትሪፊውጅ አዙሮ ፕላዝማውን መለየት ያስፈልጋል። በረዶ በማይገኝበት ቦታ ሲትሬት ያለበት የስኳር ቲዩብ ይመረጣል፤ አሲድነቱ የመጀመሪያዎቹን ኢንዛይሞች ቶሎ ያቆማል። ተራው ቀይ ክዳን ለዚህ ምርመራ ደካማ ምርጫ ነው፦ ደሙ እስኪረጋ 30 ደቂቃ ያህል ሲጠበቅ ስኳሩ እየቀነሰ ነው።

«ደሙ ከየትኛውም ክንድ ቢቀዳ ለውጥ የለውም።»
በደም ሥር የሚሰጠው 5 በመቶ ጉሉኮስ በአንድ ዴሲ ሊትር 5,000 ሚ.ግ ስኳር አለው። ናሙናው ውስጥ 1 በመቶ ብቻ ቢገባ ውጤቱን በ50 ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ጉሉኮስ ካልተተከለበት ክንድ ይቀዳ።

«ግሉኮሜትርና ላቦራቶሪ ከተለያዩ አንዱ ተበላሽቷል።»
አይ ኤስ ኦ 15197 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት (እ.ኤ.አ. 2013)፣ ስኳሩ 100 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ለግሉኮሜትር (ከጣት በተወሰደ ደም ስኳር ለሚለካው ትንሽ መሣሪያ) እስከ 15 በመቶ ልዩነት ይፈቅዳል። ላቦራቶሪ 200 ሲል ግሉኮሜትሩ 175 ቢል ብልሽት አይደለም። ደም ማነስ ያለበት ሰው ላይ ብዙ ግሉኮሜትሮች ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ ፍራፍሬ የነካ ያልታጠበ ጣትም እንዲሁ። በሽታው አለ ወይም የለም ለማለት የላቦራቶሪው ፕላዝማ ይታመናል፤ ምልክት የሌለበት ሰው ግን ሌላ ቀን ተቀድቶ ይደገምለት፣ የተቀዳበት ሰዓትም ቲዩቡ ላይ ይጻፍ።